ከቆላድባ ጤና ጣቢያ እስከ «ቅዳሜ ገበያ»፦ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ታሪክ



የመጽሔቱ አዘጋጆች «ጋሼ፣ ስለ ደምቢያ የጤና አገልግሎት ታሪክ የሚያውቁትን ይጻፉልን» ብለው ሲጠይቁኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በአገር ቤት ምንጭ በማጎልበትና ሽንት ቤት በማስቆፈር፣ ኋላም በአሜሪካ የምግብ ቤቶችን ንጽሕና በመቆጣጠር ነው። ነገር ግን በየሳምንቱ ቅዳሜ በስልክ የምንገናኝ የኮሌጅ ጓደኞች አሉኝ። ጉዳዩን ሳነሣላቸው ጎንደር የምትኖረው ነርስ እህታችን «አንተ ካልጻፍከው ማን ሊጽፈው ነው? እኛ እንደሆንን በየዓመቱ ቁጥራችን እየቀነሰ ነው» አለችኝ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የእኔ ብቻ አይደለም። እነሱ ያስታወሱኝ፣ ያረሙኝ፣ አንዳንዱንም የተቆጡኝ ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ቃሌን ጠብቄአለሁ።

ንዳድ የወለደው ኮሌጅ

የደምቢያ ሰው ንዳድን ለማወቅ መጽሐፍ አያሻውም። አገራችን ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን የተዘረጋ ሜዳ ነው። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲገባ መገጭና ድርማ ሞልተው ይተኙበታል። ዝናቡ ካባራ በኋላም ውሃው በየጉድባው ተኝቶ ይቆያል። ጤፉና ሽምብራው የሚያምርበት ይኸው ርጥበት የወባ ትንኝ መራቢያም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1953 የደረሰው ወረርሽኝ ግን ከወትሮው የተለየ ነበር። የጤና ታሪክ ጽሑፎች በደምቢያ ሜዳ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይናገራሉ። እኔ ያኔ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበርኩ። እናቴ እንደነገረችኝ በእኛ መንደር የደረሰ ሰብል የሚያጭደው ጠፍቶ እዚያው ረግፏል፤ ሬሳ የሚሸከም ጎልማሳ ታጥቶ ሴቶች ቀብረዋል። ታላቅ ወንድሜ የሞተው በዚያን ጊዜ ነው። እናቴ ስለ እሱ ስታነሣ «በንዳዱ ዘመን» ትላለች እንጂ ዓመተ ምሕረት አትጠራም ነበር።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ እልቂት ነው። ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1954) በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በአሜሪካ የፖይንት ፎር እርዳታ፣ በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ ትብብር ሥራ ጀመረ። በዚያ ዘመን በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹም የውጭ አገር ሰዎች ሲሆኑ ከትልልቅ ከተሞች አይወጡም ነበር። ገጠሩ ሐኪም እስኪሠለጥንለት ይጠብቅ ቢባል ሌላ ትውልድ ማለቁ ነው። ስለዚህ ለገጠር የሚሆኑ ሦስት ዓይነት ባለሙያዎች ማሠልጠን ተጀመረ፦ በሽተኛ የሚያክምና ጤና ጣቢያውን የሚመራ ጤና መኮንን፣ እናቶችንና ሕፃናትን የምትከታተል ኮሚኒቲ ነርስ፣ ውሃውንና የአካባቢውን ንጽሕና የሚይዝ ሳኒተሪያን። ዕቅዱ አንድ ጤና ጣቢያ ለ50,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ነበር።

ኮሌጁ ገና ልጅ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ከዚያ የባሰ ወረርሽኝ የአገሪቱን ሰፊ ክፍል መታ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። በዓመቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። የእኔ ዕድሜ እኩዮች ዲዲቲ የሚረጩትን ሠራተኞች ሽታ እስከ ዛሬ አንረሳውም።

ሦስት ሙያ፣ አንድ ቡድን

እኔ ኮሌጁ የገባሁት በ1962 ዓ.ም. ነው፤ የተመደብኩትም በሳኒተሪያንነት ነበር። ያኔ ኮሌጁ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ ነበር። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከኤርትራ፣ ከሐረርጌ የመጣን ልጆች በአንድ ግቢ ተገናኘን። እሑድ ከሰዓት ወደ ፒያሳ ወጥተን ሻይ እንጠጣለን፤ ቅዳሜ ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ወርደን የሰውን ግርግር እናያለን። ገንዘብ ስላልነበረን ከማየት ሌላ የምንገዛው አልነበረም።

የሥልጠናው ዋና ነገር ግን ከክፍል ውጭ ነበር። ከየሙያው አንድ ሁለት ሰው እየተደረገ በቡድን ወደ ማሠልጠኛ ጤና ጣቢያዎች እንላካለን። ከእነዚህ አንዱ የእኛው ቆላድባ ነበር። ዕጣዬ ሆኖ እዚያው ትውልድ አገሬ ተላክሁ። ቡድናችን አንድ ከጎጃም የመጣ የጤና መኮንን ተማሪ፣ ከላይ ያነሣኋት ነርስ እህታችንና እኔ ነበርን። ያሳደጉኝን ሰዎች «ሽንት ቤት ቆፍሩ» ማለት እንዴት እንደሚያሳፍር ተመልከቱ። አንድ የአባቴ ባልንጀራ የነበሩ ሽማግሌ ንግግሬን በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ «ልጄ፣ አንተን ራስህን ያሳደግንህ ሜዳ ላይ አይደለም እንዴ? ምን ጎደለብህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የመለሰላቸው ጎጃሜው ነው፦ «አባቴ፣ የጎደለው ወንድሙ ነው።» ሽማግሌው ዝም አሉ። በነጋታው አካፋ ይዘው ጠበቁን። ወንድሜ የሞተው በንዳድ እንጂ በሽንት ቤት እጦት አለመሆኑን ሦስታችንም እናውቅ ነበር፤ ሽማግሌውም ያውቁ ነበር። ነገሩ ግን ገብቷቸዋል።

ማታ ማታ በፋኖስ ብርሃን ተቀምጠን ስለ አንድ ቤተሰብ ሦስታችንም እንድንናገር ደንብ ነበር። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ቢመጣ ጤና መኮንኑ ያክመዋል። ነርሷ ቤቱ ድረስ ሄዳ እናትየዋ ልጁን በምን እንደምትመግበው ታያለች። እኔ ደግሞ ውሃ የሚቀዱበትን ምንጭ አያለሁ። ሦስታችን ካልተነጋገርን ያ ልጅ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። አስተማሪዎቻችን ይህን አንድ ነገር በራሳችን ላይ ቀርጸውብን ሄዱ፦ እያንዳንድህ ያየኸውን ብቻ ተናገር፣ የሌላውን ግን ሰምተህ ጨርስ።

መበተን

በ1965 ዓ.ም. ተመረቅን። እኔ ፈንጣጣን ለማጥፋት በሚደረገው ዘመቻ ተሰማራሁ። ያ ሥራ በኢትዮጵያ በጥር 1963 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን ብዙ ሳኒተሪያኖች ተሳትፈውበታል። ሁለት ጫፍ ባላት አጭር መርፌ እየከተብን፣ መኪና በማይደርስበት በእግርና በበቅሎ እየሄድን፣ «ፊቱ የፈነዳ ሰው አይታችኋል?» እያልን በየገበያው እንጠይቃለን። የታማሚ ስም፣ ዕድሜ፣ መንደር፣ የታመመበት ቀን፣ ማን እንዳየው፤ ይህ ሁሉ በመዝገብ ይሰፍራል። ሰዉ ከታማሚ ቁስል ወስዶ የመክተብ የራሱ ልማድ ስለነበረው የእኛን መርፌ የሚጠራጠር ብዙ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን ነው። በዓለም የመጨረሻው በተፈጥሮ የተያዘ ሰው ደግሞ በዓመቱ በሶማሊያ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 በሽታው መጥፋቱን አወጀ። ያን ዜና የሰማሁት ግን አገሬ ሆኜ አልነበረም።

በመካከሉ አብዮቱ መጣ። በ1967 ዓ.ም. ተማሪውና መምህሩ ለእድገት በኅብረት ዘመተ። ቀጥሎ የመጣውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በአንድ ፋኖስ ዙሪያ የተቀመጥን ልጆች በሁለትና በሦስት ወገን ተከፈልን። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ሰው ፎቶግራፉንና ወረቀቱን በሌሊት ያቃጥል ነበር፤ ከማን ጋር እንደተነሣህ መታወቁ ብቻ ሊያስገድልህ ይችላል። ጎጃሜው ጓደኛችን በዚያ ጊዜ ተገደለ። እኔ በ1972 ዓ.ም. በመተማ አድርጌ ወደ ገዳሪፍ ተሻገርኩ። ሌሎች ወደ ስዊድን፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ አሜሪካ ተበተኑ። ብዙዎቹ ግን እዚያው ቀርተው በየጤና ጣቢያው አገለገሉ። ኮሌጃችንም እ.ኤ.አ. በ1978 ከላይፕዚጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሐኪሞች ማሠልጠኛ ሆነ። የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋርጦ ዳግም የተጀመረው ከረጅም ዓመታት በኋላ ነው።

«ቅዳሜ ገበያ»

ለረጅም ዘመን ግንኙነታችን ደብዳቤ ነበር፤ ያውም በዓመት አንድ ጊዜ። ቀጥሎ የስልክ ካርድ መጣ። አምስት ዶላር የተከፈለበት ካርድ «እንዴት ናችሁ? ልጆች ደኅና?» ከማለት አያልፍም። ሥራ፣ ልጆች፣ የቤት ዕዳ ሁላችንንም ያዘን። በአገር ቤት ያሉት 60 ዓመት ሲሞላቸው ጡረታ ወጡ፤ እኛ ውጭ ያለነው ደግሞ እስከ 67 ገፋን። ጡረታ ስወጣ ባለቤቴ «አሁን ምን ልትሠራ ነው?» ስትለኝ መልስ አጥቼ ነበር።

መልሱን ያመጣው ኮቪድ ነው። በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ ሁላችንም ቤት ስንዘጋ ነርስ እህታችን በቴሌግራም ስድስታችንን ሰበሰበችን። «ወረርሽኝ እኛ የምናውቀው ነገር ነው፤ እንዴት ዝም እንላለን?» አለች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን። በበጋ ለእኛ ዋሽንግተን ላለነው ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ለስቶክሆልም ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ለጎንደር፣ ለአዲስ አበባና ለጅዳ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ስሙን «ቅዳሜ ገበያ» ያለው የስቶክሆልሙ ነው። «እንደ ድሮው ነው፤ ገንዘብ የለንም፣ ዝም ብለን እንተያያለን» ብሎ አሳቀን።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የበሽታ ሪፖርት ነው፦ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ጉልበት፣ ዓይን። ድሮ የሰውን ሕመም ነበር የምንመዘግበው፤ አሁን የራሳችንን። አንድ ወንድማችን የኢንሱሊን ዋጋ ከጡረታው በላይ ሲሆንበት በአፉ አልተናገረም። ነርሷ ግን ድምፁን ሰምታ አወቀች። ውጭ ያለነው አዋጥተን ላክን፤ እሷም «ከመድኃኒት ቤት ትርፍ ተገኘ» ብላ ታደርስለታለች። ትርፍ አለመሆኑን እሱም ያውቃል፤ እኛም እንደሚያውቅ እናውቃለን። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚባለው ለካ እንዲህ ነው።

ፎቶግራፉ

በ2013 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ እህታችን አንድ ፎቶግራፍ ላከችልን። የ1965ቱ የምርቃት ቀን ነው። ያን ሁሉ ዓመት ከእመቤታችን ሥዕል ጀርባ፣ በመስተዋቱና በካርቶኑ መካከል ደብቃው ኖራለች። ቆጠርነው፤ 34 ሰው ነው። በሦስት ቅዳሜ የ29ኙን ስም አገኘን። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ የሚስቀው ጎጃሜው ነው።

ስሙ ሲነሣ አንዱ ወንድማችን ስልኩን ዘጋ። እሱ በዚያን ጊዜ በቀበሌ ይሠራ ነበር። ማታ በጽሑፍ «እኔን ልትከሱኝ ነው የሰበሰባችሁኝ?» ብሎ ላከና አራት ሳምንት ጠፋ። ከመካከላችን «ይቅርበት፤ ያለፈውን አንነካካ» ያለ ነበር። «ካልነካካነውማ ፎቶው ለምን ተደብቆ ኖረ?» ያለም ነበር። ገበያችን ሊፈርስ ምንም አልቀረውም።

በአራተኛው ሳምንት እህታችን ለምና መለሰችው። ያን ቀን ለባለቤቴ እንኳ ያልነገርኩትን ነገር ተናገርኩ። ጥር 1970 ዓ.ም. ላይ ጎጃሜውን ፒያሳ አየሁት። እሱም አይቶኛል። ሊጠራኝ እጁን ሲያነሣ ዓይኔን ሰብሬ ወደ ማዶ ተሻገርኩ። ከእሱ ጋር መታየት አደጋ ነበረው። በሳምንቱ መገደሉን ሰማሁ። የልጅነት ሽማግሌዬን ፊት ለፊት ስለ ወንድሜ የተናገረልኝን ሰው፣ 43 ዓመት ሙሉ ሰላም ሳልለው ኖርኩ።

ማንም ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። በኋላ እህታችን «እኔም እናቱ ዘንድ ለቅሶ አልደረስኩም። ማልቀስም ክልክል ነበር፤ እኔ ግን ሳልከለከል ነው የቀረሁት» አለች። ያ ወንድማችን ቀስ ብሎ «ታዝዤ ስም ጽፌያለሁ። የእሱን ግን አልጻፍኩም» አለ። ማን እንዳመነው ማን እንዳላመነው አልተጠያየቅንም። ነጻ አላወጣነውም፤ አልፈረድንበትምም። ከዚያን ዕለት ወዲህ ግን ከገበያው ቀርቶ አያውቅም።

በዚያው ቀን መዝገብ ለመክፈት ተስማማን። ደንቡ ድሮ በፋኖሱ ዙሪያና በፈንጣጣው ዘመቻ የተማርነው ነው፦ ስም፣ ቦታ፣ ቀን፣ ማን እንዳየው። በወሬ የሰማነው አይገባም። የ34ቱን ሰዎች ምድብ ቦታ፣ የሠሩበትን ጤና ጣቢያ፣ ያጎለበቱትን ምንጭ፣ የሞቱበትን ሁኔታ ያየነውን ያህል እንጽፋለን። የጎጃሜውን ስም እዚህ ያላወጣሁት ቤተሰቦቹን ሳናስፈቅድ አይገባም ብለን ነው። በመዝገቡ ግን የመጀመሪያው ገጽ የእሱ ነው። የእኔ መሻገርም እዚያው ተጽፏል።

መዝገቡ ሌላም ነገር አስተማረኝ። በሠራኋት አንዲት ምንጭ ዕድሜ ልኬን ስኮራ ኖሬ ነበር፤ ለልጆቼም ብዙ ጊዜ አውርቻለሁ። ተራዋ ደርሶ ላስመዘግብ ስል እህታችን «እሷ ምንጭ እኮ በሁለተኛው ዓመት ቧንቧዋ ተሰብሮ ቀረች። እኔ እዚያው ነበርኩ። የሚጠብቃትና የሚጠግናት ሰው አላዘጋጀህም» አለችኝ። ተከፋሁ፤ ግን እውነት ነው። እንዳለችው ተመዘገበ።

ለምን ጻፍኩት?

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን ግጭቱ ሲበረታና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ገበያችን ጎንደርን አጣ። የአዲስ አበባው ወንድማችን በስልክ መስመር ሲገኝለት ይደውልላታል፤ ያለችውን ቃል በቃል ጽፎ ቅዳሜ ያነብልን ነበር። ዘወትር የምትልክልን አንድ ነገር ነው፦ «መዝገቡን አደራ።» ኢንተርኔቱ ተመልሶ ድምፅዋን ስንሰማ የስቶክሆልሙ ጓደኛችን አለቀሰ። 34 ከነበርነው በሕይወት መኖራችንን የምናውቀው 9 ብቻ ነን።

የጓደኝነት ናፍቆት ብቻ ቢሆን ኖሮ ገጻችሁን አልሻማም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። እናቴ «የንዳዱ ዘመን» ያለችው ታሪክ አልተዘጋም። የደምቢያን ጉድባ በእግራቸው ያወቁ፣ ውሃው የት እንደሚተኛ፣ የትኛው መንደር መጀመሪያ እንደሚታመም በጭንቅላታቸው የያዙ ሰዎች ዛሬ የጡረታ ሰዎች ናቸው። ጠያቂ የላቸውም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ማኅበራችን ለምንጭና ለውሃ ጉድጓድ ገንዘብ ሲያወጣ ለሚጠብቀውና ለሚጠግነው ሰው ደመወዝና መለዋወጫም አብሮ ይያዝ፤ የእኔዋ ምንጭ ትምህርት ትሁናችሁ። ሁለተኛ፣ አባታችሁ፣ እናታችሁ፣ አጎታችሁ ወይም አክስታችሁ በቆላድባ ጤና ጣቢያ፣ በወባ ማጥፊያ ወይም በፈንጣጣ ዘመቻ ሠርተው እንደሆነ ዛሬውኑ ደውሉላቸው። ስም፣ ቦታና ቀን ጠይቃችሁ ጻፉ። የተደበቀ ፎቶግራፍ ካለ አስወጡት። ያገኛችሁትን ለመጽሔቱ አዘጋጆች ብትልኩ ከመዝገባችን ጋር ይያያዛል።

ከፎቶግራፉ ላይ እስከ ዛሬ ስማቸውን ያላገኘንላቸው አምስት ሰዎች አሉ። ምስሉን ለአዘጋጆቹ ሰጥቻለሁ፤ የሚያውቃቸው ቢኖር ይንገረን። እኛ ቅዳሜ እዚያው ገበያችን ላይ ነን።

አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ ለከርሞ በጤና ያገናኘን።